ስለ አንድ ዓመት ሕፃን የቀትር እንቅልፍና ከቀትር በኋላ ስላለው ውሎ

የቤት ጸጥታ ከመሥሪያ ቤት ጸጥታ ያነሰ ዋጋ ያለው አይደለም። በመሥሪያ ቤቱ ብዙ ሰው የሚያስተዳድር ሹም፥ ለምሳ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ፥ ከተወለደ ገና አንድ ዓመት የሞላውን ልጁን ማስተዳደር ሲያቅተው ማየት የተለመደ ነው። ሕፃኑ የሌማቱን ክዳን ይገለብጣል፤ የጀበናውን አንገት ሊይዝ ይንጠራራል፤ ቢከለከል ይጮኻል፤ ቢታቀፍ ይወራጫል፤ ቢለቀቅ እየተንገዳገደ ወደ በር ይሮጣል። እናቲቱ «ዛሬ እንቅልፍ እንቢ ብሏል» ትላለች፤ አባቱም «ጉልበቱ በዝቶ ነው፤ ተዉት ይጫወት» ይላል። የሁለቱም ንግግር እውነት ይመስላል፤ ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ ሕፃኑ እንቅልፍ እንቢ ያለ ሳይሆን የእንቅልፉ ሰዓት ያለፈበት ነው፤ የበዛውም ጉልበቱ ሳይሆን ድካሙ ነው።

ይህን ነገር ለተከበሩት አንባቢዎቻችን የምንገልጸው የጂንካንና የደቡብ ኦሞን አገር ምሳሌ አድርገን ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛው የአገሩ ጠባይ ነው። ጂንካ ለረጅም ዘመን የደቡብ ኦሞ ዋና ከተማ ሆና የኖረች፥ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በአሪ ተራሮች ሥር የተቀመጠች ለምለም ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የሚወርድ ሰው ግን እስከ ኦሞ ወንዝ ዳርቻ፥ ወንዙም እስከሚገባበት እስከ ቱርካና ሐይቅ ድረስ የሚያገኘው ፀሐዩ የበረታ ቆላ ነው። በዚህ አገር ለትልቅ ሰው የሚከብደው የቀትር ሙቀት ለሕፃን ይልቁን ይከብዳል። እንደዚሁም ከተማዪቱ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 6 ዲግሪ በማይሞላ ርቀት ላይ ስለምትገኝ፥ ክረምት ከበጋ የቀኑና የሌሊቱ ርዝመት እኩል ለመሆን ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። በአውሮፓ አገር በበጋ ፀሐይዋ እስከ ምሽት ሳትጠልቅ ስትቆይ እናቶች ሕፃን ለማስተኛት መስኮት ይጋርዳሉ፤ የጂንካ እናት ግን የሕፃኗን ሰዓት አንድ ጊዜ በደንብ ብትሠራው ዓመቱን ሙሉ ያገለግላታል።

ሁለተኛው ምክንያት የሰዉ ኑሮ ነው። ወደ ጂንካ በሥራ ተዛውረው የሚሄዱ ሹማምንት፥ መምህራንና ሐኪሞች ብዙዎቹ ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው፤ ሕፃኑን በጉልበቷ አስቀምጣ የምታባብለው አያት በጎንደር ወይም በሸዋ ቀርታለች። በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ለወላድ ተፈቅዶ የነበረው ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነበር። እንግዲህ ሕፃኑ አንድ ዓመት በሞላው ጊዜ እናቲቱ ወደ ሥራዋ ከተመለሰች ዘጠኝ ወር ይሆናታል። የሕፃኑም ቀትር ያለው በሞግዚት እጅ፥ አለዚያም ከገጠር በመጣች በአንዲት ትንሽ ዘመድ እጅ ነው፤ ይህችም ልጅ ራሷ ትምህርት ቤት መዋል የሚገባት ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ የሕፃኑ እንቅልፍ በተበላሸ ጊዜ የሚጎዳው ሕፃኑ ብቻ አይደለም። እናቲቱ በሌሊት እንቅልፍ አጥታ በማለዳ ሥራ ትገባለች፤ ያችም ትንሽ ልጅ ከቀትር በኋላ ካለው ትምህርቷ ትቀራለች።

በመጀመሪያ ሕፃን ምን ያህል መተኛት እንደሚገባው ማወቅ ያስፈልጋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መምሪያ፥ ከአንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ያለ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ፥ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ፥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንዲተኛ፥ የሚተኛበትና የሚነሣበትም ሰዓት የተወሰነ እንዲሆን ያስታውቃል። ይህም ማለት ሕፃኑ በሌሊት 10 ወይም 11 ሰዓት ቢተኛ፥ በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት የሚሆን እንቅልፍ ይቀረዋል ማለት ነው። ይህን የቀን እንቅልፍ እንደ ትርፍ ነገር ቆጥሮ መንፈግ ለሌሊቱም አይበጅም፤ በቀን ያልተኛ ሕፃን በሌሊት ደኅና ይተኛል የሚለው ግምት ለአንድ ዓመት ልጅ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ከመጠን በላይ የደከመ ሕፃን ሲተኛ ያለቅሳል፥ በሌሊትም እየባነነ ይነሣል።

የቀን እንቅልፍ ለአእምሮም የሚሰጠው ጥቅም ተመርምሮ ታውቋል። በጀርመን አገር በቦኹም፥ በእንግሊዝም አገር በሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሊቃውንት በ2007 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፥ 6 ወርና 12 ወር ለሆናቸው ሕፃናት በአንድ አሻንጉሊት አዲስ ነገር ሠርተው አሳይዋቸው። ካዩ በኋላ በ4 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት የተኙት ሕፃናት ያዩትን አስታውሰው ሠሩት፤ ያልተኙት ግን እንዳላዩት ሆኑ። እንግዲህ ሕፃኑ በጠዋት የሰማው የእናቱ ቃል፥ ያየው የዶሮ አረማመድ፥ የነካው የቅል ቅርፅ በልቡ የሚቀመጠው በቀትር ሲተኛ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ቀጥሎ የድካሙን ምልክት መለየት ያስፈልጋል። ሕፃን እንደ ትልቅ ሰው «ደከመኝ» ብሎ አይናገርም። መጀመሪያ ዓይኑን ያሻል፤ ጆሮውን ይጎትታል፤ ሲጫወትበት የነበረውን ትቶ አንድ ቦታ ትክ ብሎ ያያል፤ ቆሞ ሲሄድ ከወትሮው አብልጦ ይወድቃል፤ ከሞግዚቱ እቅፍ መለየት አይወድም። በዚህ ሰዓት ቢያስተኙት ይተኛል። ይህች ሰዓት ካለፈች ግን አካሉ ነቅቶ ለመቆየት ይታገላል፤ ያለ ምክንያት ይስቃል፥ ይሮጣል፥ ይነክሳል፥ የያዘውንም ይወረውራል። አባቱም «ጉልበቱ በዝቶ» የሚለው ይህን አይቶ ነው። ብልህ ሞግዚት ሁለተኛውን ምልክት አትጠብቅም፤ በመጀመሪያው ትነሣለች።

አንድ ዓመት የሞላው ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለት ጊዜ ይተኛል፤ ይኸውም አንዱ በረፋድ ከ3 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ፥ ሁለተኛው ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የረፋዱ እንቅልፍ ቀርቶ የቀትሩ ብቻ ይጸናል። ይህ የመሸጋገሪያ ጊዜ ቤት የሚታወክበት ወራት ነው። ሕፃኑ በረፋድ አልተኛም ባለበት አንድ ቀን ብቻ «ጨርሶ ትቶታል» ማለት አይገባም፤ ጥርስ ሲያወጣ፥ ሲያተኩሰው ወይም መራመድ ሲማር እንቅልፉ ለጥቂት ቀን ተዛብቶ ይመለሳልና። ነገሩ ሁለት ሳምንት ያህል ከቆየ ግን የረፋዱን እንቅልፍ በየሦስት ቀኑ ሩብ ሰዓት እያዘገዩ ወደ ቀትር ማቅረብ መልካም ነው። በዚህ ወራት ሕፃኑ ምሳውን ቀደም አድርጎ፥ ይኸውም ከ5 ሰዓት ተኩል ገደማ፥ ለስላሳ ገንፎ ወይም የላመ ሙዝ በልቶ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢተኛ ይስማማዋል። ከ10 ሰዓት አልፎ ግን በቀን እንዲተኛ መተው የሌሊቱን እንቅልፍ ያዘገያል፤ እዚህ ላይ መጋረጃውን ከፍቶ በቀስታ መቀስቀስ ነውር የለበትም።

አሁን አንባቢዎቻችን ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር እንናገራለን። ሕፃኑ ሊተኛ የሚገባበት ሰዓትና ወላጆቹ ለምሳ ወደ ቤት የሚገቡበት ሰዓት አንድ ነው። አባት ልጁን ከጠዋት ጀምሮ ናፍቆታልና በሩን ሲከፍት በድምፁ ይጠራዋል፤ ወደ ላይ እየወረወረ ይቀበለዋል፤ ሕፃኑም በሳቅ ይንቀጠቀጣል። «ለልጅ ከሳቁለት፥ ለውሻ ከሮጡለት» እንደሚባለው፥ ጨዋታው አንድ ጊዜ ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም። አባት በልቶ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ የነደደውን እሳት የምታጠፋው ሞግዚቲቱ ናት። እኛ የምንመክረው ይህን ነው፤ አባት በቀትር ሲገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይግባ፤ ልጁንም በእቅፉ ይዞ በዝግታ በጓዳው ውስጥ ያመላልሰው፤ ውርወራውንና ሩጫውን ለ11 ሰዓት ያቆየው። እናቲቱም ጡት የምታጠባ ከሆነች የምሳዋን ጥቂት ደቂቃ ለማጥባትና ለማስተኛት ብታደርጋት፥ ሕፃኑ የእናቱን መምጣት የእንቅልፍ ምልክት አድርጎ ይለምደዋል። ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ የዓለም የጤና ድርጅት ስለሚመክር፥ በዚህ አንድ ሥራ ሁለት ጥቅም ይገኛል። የማስተኛቱ ሥርዓት አጭርና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ፊትና እግር ማጠብ፥ መጋረጃ መዝጋት፥ እሹሩሩ ማለት፥ ማስተኛት።

በአገራችን ልማድ ሕፃን የሚተኛው በአልጋ ብቻ አይደለም። በደጋው በአንቀልባ፥ በደቡብ ኦሞም ቆላ በቆዳ ታዝሎ በእናቱ ወይም በታላቅ እህቱ ጀርባ ላይ፥ ሥራዋንና መንገዷን ሳይከለክላት ያንቀላፋል። ይህንን እንደ ኋላ ቀር ነገር የሚቆጥሩ አሉ፤ ነገር ግን ቻርልስ ሱፐርና ሣራ ሃርክነስ የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በጎረቤታችን በኬንያ በኪፕሲጊስ ገበሬዎች መንደር ኖረው የሕፃናትን እንቅልፍ ከአሜሪካ ሕፃናት ጋር ባመዛዘኑ ጊዜ፥ ሁለቱም በየአገራቸው ደኅና እንደሚያድጉ፥ ልዩነቱንም ያመጣው የቤቱ ሥርዓት መሆኑን አስረድተዋል። በአሜሪካ ወላጅ በጠዋት በሰዓት ተነሥቶ ወደ ሥራ መሄድ ስላለበት ሕፃኑን ለብቻው ረዥም ሌሊት እንዲተኛ ያስለምደዋል፤ በኪፕሲጊስ መንደር ደግሞ ሕፃኑ በጀርባ ታዝሎ በማንኛውም ሰዓት ያሸልባል፥ በሌሊትም ከእናቱ ጎን እየነቃ ይጠባል። ከዚህ የምንማረው፥ ጀርባም ሆነ አልጋ ሁለቱም መልካም እንደሆነ፥ ዳሩ ግን እናቲቱ በጽሕፈት ቤት ሰዓት የምትኖር ከሆነ የሕፃኑም እንቅልፍ ሰዓት ቢኖረው እንደሚሻል ነው። ታዝሎ ለሚተኛ ሕፃን ፊቱ እንዳይሸፈንና አገጩ ከደረቱ ጋር እንዳይጣበቅ መጠንቀቅ ይገባል።

የሚተኛበት ስፍራ ነፋስ የሚገባበትና ጥላ ያለው ይሁን። በቆላ ሙቀት ሕፃንን በብርድ ልብስ መጠቅለል ጉዳት ነው፤ አንገቱና ጀርባው ላብ ካወጣ ልብሱ በዝቷል ማለት ነው። ወባ በሚገኝበት አገር አጎበሩ በቀንም ተዘርግቶ ይቆይ፤ የወባ ትንኝ አብዛኛውን ጊዜ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ቢሆንም፥ አጎበሩ በቀን ዝንብን ይከለክላል፥ አመሻሽ ላይ ለተኛ ሕፃንም ዝግጁ ሆኖ ይገኛል። ከሁሉም በላይ ሕፃን በተኛበት በተዘጋ ክፍል የከሰል ምድጃ አይግባ፤ ከከሰል የሚወጣው መርዛም አየር ሽታ የለውምና ትልቁንም ትንሹንም ሳያስነቃ ይገድላል። የቡናው ሥርዓት በረንዳ ላይ ይሁን።

ሕፃኑን ለማስተኛት ብሎ መድኃኒት ወይም የመጠጥ ጠብታ መስጠት ፈጽሞ የተከለከለ ሊሆን ይገባል፤ የሳል መድኃኒትም ቢሆን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥ። እንዲሁም በደቡብ ኦሞ ሕዝብ ዘንድ ከቡና ገለፈት ተፈልቶ በቅል የሚጠጣው ሸፈሮ ለእንግዳ የሚቀርብ የተከበረ መጠጥ ነው፤ ነገር ግን በገለፈቱም ውስጥ እንቅልፍ የሚከለክለው ካፌይን አለበትና ለሕፃን ማቅመስ አይገባም። ከሰዓት በኋላ ቡና በሚፈላበት ጊዜ ከፍንጃሉ ትርፍ «ትንሽ ይቅመስ» ማለትም እንደዚሁ ነው።

ሕፃኑ ከእንቅልፉ ከተነሣ በኋላ እስከ ምሽት ያለው ጊዜ እንዴት ይዋል? መምሪያው ለዚህ ዕድሜ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ የአካል እንቅስቃሴ እንዲኖር፥ ሕፃኑም ታዝሎ ወይም በወንበር ታስሮ ያለ እንቅስቃሴ ከአንድ ሰዓት በላይ በአንድ ጊዜ እንዳይቆይ፥ አንድ ዓመት ለሆነውም ልጅ የቴሌቪዥንና የስልክ ሥዕል ማየት እንዳይለመድ ያስታውቃል። ዛሬ ዛሬ ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር ስልክ ከፍቶ በእጁ ማስያዝ በብዙ ቤት ተለምዷል፤ ልቅሶው ለጊዜው ዝም ይላል፥ እንቅስቃሴውና የሰው ንግግር ግን ይጎድልበታል።

ለጨዋታ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ከ9 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ፀሐዩ ገና የበረታ ስለሆነ በጥላ ሥር፥ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ፥ በሳፋ ጥቂት ውኃና አንድ ጣሳ ቢሰጡት ሲቀዳና ሲደፋ ይቆያል፤ ይበርድለታልም። ክዳን ያለው ሙዳይ፥ አፉ በደንብ የተደፈነና ፍሬ የሚንኳኳበት ቅል፥ ሰፌድ፥ የእንጨት ማንኪያ ከገበያ አሻንጉሊት አያንሱም። ከ10 ሰዓት በኋላ ወደ ግቢ ወጥቶ ለዶሮ ጥሬ ሲበተን ይመልከት፤ የሙዙን ቅጠል ይንካ፤ ዝቅ ያለ ደረጃ ይውጣ ይውረድ። ያየውንም ሁሉ ሞግዚቱ በምታውቀው ቋንቋ፥ በአማርኛም ይሁን በአሪኛ ወይም በሐመርኛ፥ በስሙ ትጥራለት። ገና ያልተራመደም ቢሆን ወላጅ አይጨነቅ፤ የዓለም የጤና ድርጅት በ5 አገሮች ሕፃናትን መርምሮ በ1998 ዓ.ም. ባወጣው መሠረት፥ ጤነኛ ልጅ ያለ ድጋፍ መራመድ የሚጀምረው ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል ገደማ ባለው ጊዜ ነው፤ ሰፊ ጊዜ ነው።

ጥበቃውን ግን ማላላት አይገባም። ኦቾሎኒ፥ የቡና ፍሬና የበቆሎ ጥሬ በዚህ ዕድሜ ላለ ሕፃን ጉሮሮ የሚዘጉ ናቸው፤ ከሚደርስበት ቦታ ይነሡ። ውኃ ያለበት ባልዲ ይከደን፤ በጥቂት ውኃም ሕፃን ሊሰምጥ ይችላልና። የግቢው በር ይዘጋ፤ ሞተር ሳይክል በበዛበት መንገድ ዳር ሕፃን ብቻውን አይለቀቅ። ጀበናውና ምድጃው በሚቀርብበት ሰዓት አንድ ሰው ሥራው ሕፃኑን መያዝ ብቻ ይሁን።

ሥርዓት የሚፈርስበት ቀንም እንዳለ እናውቃለን። ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ነው፤ ከደጋውም ከቆላውም ሰው ይጎርፋል፤ እናቲቱ ሕፃኗን አዝላ ስትዞር እርሱ በጀርባዋ አንድ ጊዜ ያንቀላፋል፥ አንድ ጊዜ ይነቃል። በዚህ ቀን የጎደለውን እንቅልፍ ለመሙላት በምሽት ማስተኛት ስሕተት ነው፤ የሌሊቱን እንቅልፍ ከወትሮው ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ማስጀመርና በማግስቱ ወደ ልማዱ ሰዓት መመለስ ይበቃል። ሰዓት ለሕፃኑ አገልጋይ እንጂ ገዥ አይደለም፤ በአንድ ቀን መዛነፍ እናት ራሷን አትውቀስ።

በመጨረሻ ቃላችንን ወደ ሹማምንቱ እናቀናለን። ከላይ የተጠቀሰው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ ሴቶች ሠራተኞች ሕፃናታቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁም አዝዞ ነበር። ይህ ትእዛዝ በሥራ ሲውል፥ ሕፃኑ በቀትር ከእናቱ አጠገብ ይተኛል፤ እናቲቱም ልቧ ሳይከፈል ሥራዋን ትሠራለች፤ ሕፃን ልትይዝ ከትምህርቷ የቀረችው ትንሽ ልጅም ደብተሯን ይዛ ትሄዳለች። አንድ ክፍል፥ ንጹሕ ፍራሽ፥ አጎበርና አንዲት ታማኝ ሞግዚት ለማዘጋጀት የሚወጣው ወጪ ከሚገኘው ጥቅም ጋር ሲመዛዘን ትንሽ ነው። ማቆያ ገና ባልተከፈተበት ቦታ ደግሞ እያንዳንዱ አባት በቤቱ ሊያደርገው የሚችል አለ፤ ትንሿ ልጅ ወደ ትምህርቷ እንድትሄድ ሌላ ያዥ ይፈልግ፤ በቀትር ቀስ ብሎ ይግባ፤ በ11 ሰዓት ሲመለስ ሕፃኑን ከሞግዚቲቱ ተቀብሎ እስከ እራት እርሱ ይያዘው። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ይባላልና፥ የሚወደውን ልጅ በሳቁ ሰዓት ብቻ ሳይሆን በድካሙም ሰዓት ሊያውቀው ይገባዋል።